አሥራ አምስት ዲግሪ፦ ከካቴድራሉ መስኮት በስተጀርባ ያለው ጂኦሜትሪ

ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019) ምሽት የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ በእሳት ሲጋይ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ለዘመናት የቆየው የእንጨት ጣሪያ ነደደ፤ ወደ ሰማይ የተቀሰረው ሾጣጣ ማማም ተሰብሮ ወደቀ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በብዙዎች አእምሮ ይመላለስ የነበረው ጥያቄ ግን ስለ ጣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ባለቀለም መስታወት ስለተገጠመላቸው ሦስት ግዙፍ ክብ መስኮቶችም ጭምር እንጂ። ሦስቱም ተርፈው ተገኙ። ካቴድራሉም ታድሶ በዲሴምበር 2024 ዳግመኛ ተከፈተ።

እነዚህ መስኮቶች ከአበባ ጋር ስለሚመሳሰሉ «የጽጌረዳ መስኮት» ተብለው ይጠራሉ። ከሦስቱ አንዱ፣ በደቡብ በኩል ያለው፣ ከዚህ እሳት በፊትም ከአንድ ጊዜ በላይ ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደሰው መሐንዲስ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ መስኮቱን በሙሉ በ15 ዲግሪ አዞረው። ለምን 10 ወይም 20 ዲግሪ አላደረገውም? መልሱ ማናችንም በትምህርት ቤት ከተማርነው የክብ ጂኦሜትሪ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንፈልጋለን። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ክብን በኮምፓስ መክፈል

የደቡቡ መስኮት የተሠራው በ1260 ገደማ ነው። ዳያሜትሩ 12.9 ሜትር ሲሆን፣ በላዩ ላይ 84 የመስታወት ክፍሎች በአራት ክቦች ተደርድረዋል። ለመሐሉ ቅርብ የሆነው ክብ 12፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ 24 ክፍሎች አሉት። 84ም ቢሆን 12 በ7 ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ነው። የመስኮቱ ሥርዓት በሙሉ በ12 ላይ እንደቆመ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች 12 የሐዋርያት ቁጥር ነው። ለድንጋይ ጠራቢው ግን ሌላም መልካም ጎን ነበረው። የመካከለኛው ዘመን ግንበኛ ዲግሪ የሚለካ መሣሪያም ሆነ የትሪጎኖሜትሪ ሠንጠረዥ ይዞ አይሠራም ነበር። ዋና መሣሪያዎቹ ኮምፓስ፣ ማስመሪያና ገመድ ነበሩ። በእነዚህ ብቻ ክብን በ12 እኩል መክፈል እጅግ ቀላል ነው።

እስቲ ወረቀትና ኮምፓስ አቅርበህ ሞክረው። አንድ ክብ ሥራ። የኮምፓሱን ስፋት ሳትለውጥ ጫፉን በክቡ ጠርዝ ላይ አሳርፈህ ጠርዙን እየቆረጥህ ዙር። ልክ በስድስተኛው እርምጃ ከጀመርህበት ነጥብ ትደርሳለህ። ይህ የሚሆነው ሁለት ተከታታይ ነጥቦች ከክቡ መሐል ጋር ሲገናኙ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ስለሚፈጥሩ ነው፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን፣ ስድስት ጊዜ 60 ደግሞ 360 ነው። አሁን እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት እኩል ብትከፍለው 12 ታገኛለህ። አንድ ጊዜ ደግመህ ብትከፍለው 24 ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሥራ አንድም ቁጥር አልለካህም።

ለምን ሰባት አይሆንም?

አሁን ደግሞ ያንኑ ክብ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በ7 እኩል ለመክፈል ሞክር። ብዙ ብትደክምም አይሆንልህም፤ ጥፋቱም የአንተ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ጎነ ሦስትን፣ ጎነ አራትን፣ ጎነ አምስትንና ከእነዚህ የሚወለዱትን እኩል ጎን ያላቸው ቅርጾች መሥራት ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቆሞ ቀረ። በ1796 ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጎነ 17 ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ፒየር ቫንዜል ጎነ 7ንና ጎነ 9ን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በትክክል መሥራት ፈጽሞ እንደማይቻል አረጋገጠ።

ግንበኞቹ ይህን ማረጋገጫ አያውቁትም ነበር፤ ችግሩን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ለጎነ 7 በእጅ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቅ አንድ አቋራጭ አለ። በክቡ ውስጥ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራና የአንዱ ጎን ግማሽ እንደ ጎነ 7 ጎን ይወሰዳል። የዚህ ግማሽ ርዝመት የክቡ ራዲየስ 0.8660 እጥፍ ነው። የእውነተኛው ጎነ 7 ጎን ርዝመት ግን 0.8678 እጥፍ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 0.2 ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ያስጨንቃል? ራዲየሱ 6 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ሰባት ጊዜ ስትዞር ከመነሻው ነጥብ ለመገናኘት የ0.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀርሃል፤ ይህን የእርሳስህ መስመር ውፍረት ይሸፍነዋል። ራዲየሱ 6 ሜትር በሆነ የድንጋይ መስኮት ላይ ግን ክፍተቱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። አስቀድመው መሬት ላይ የተጠረቡ ድንጋዮች ከፍታ ላይ ሲገጣጠሙ የመጨረሻው ድንጋይ ከቦታው አይገጥምም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት በየድንጋዩ ማከፋፈል ይቻል ነበር፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው። ከታላላቆቹ የጽጌረዳ መስኮቶች ብዙዎቹ የ12 ወይም የ8 ብዜት በሆነ ቁጥር መከፈላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የቻርትር ካቴድራል ምዕራባዊ መስኮት በ12፣ የኖትር ዳም ሰሜናዊ መስኮት በ16፣ የስትራስቡርጉም በ16 የተከፈሉ ናቸው።

ክቦች በክብ ውስጥ

መስኮቱን መክፈል የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በትልቁ ክብ ውስጥ እርስ በርሳቸውና ከጠርዙ ጋር የሚነካኩ 12 እኩል ክቦች ለመደርደር እያንዳንዱ ምን ያህል ይሁን?

የትልቁን ክብ ራዲየስ ሀ፣ የትንሹን ለ እንበል። የትንንሾቹ ክቦች መሐል ከትልቁ መሐል ሀ − ለ ያህል ይርቃል። የሁለት ጎረቤታሞች መሐሎች ከትልቁ መሐል ሲታዩ 30 ዲግሪ ይለያያሉ። ይህን ማዕዘን ለሁለት ብንከፍል ቀጥተኛ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን እናገኛለን፤ ረጅሙ ጎን ሀ − ለ፣ ከ15 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ደግሞ ለ ነው። ስለዚህ፦

ለ ÷ (ሀ − ለ) = ሳይን 15°

ከዚህም ለ የሀ 0.2056 እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ ዳያሜትሩ 12 ሜትር በሆነ መስኮት የእያንዳንዱ ትንሽ ክብ ራዲየስ 1 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመሐሉም ራዲየሱ 3 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ባዶ ክብ ይቀራል፤ ንድፍ አውጪው ሁለተኛውን ረድፍ የሚደረድረው እዚያ ነው። በ12 ፈንታ 6 ክቦች ብንወስድ ሳይን 30° ልክ ግማሽ ስለሆነ ለ የሀ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ በመሐል የሚቀረውም ባዶ ቦታ ከስድስቱ ጋር እኩል የሆነ ሰባተኛ ክብ በትክክል ይይዛል። 12 ሳንቲሞችን በክብ መደርደርና ስድስት ሳንቲሞችን በአንድ ሳንቲም ዙሪያ መደርደር ይህንኑ ልዩነት በጠረጴዛ ላይ ያሳያል።

የዚያን ዘመን ሰዎች ይህን በሳይን አላሰሉትም። ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ በሰፊ የኖራ ወለል ላይ በኮምፓስ ይሥሉት ነበር። በእንግሊዝ አገር በዮርክና በዌልስ ካቴድራሎች እንዲህ ያሉ የንድፍ ወለሎች ዛሬም ይታያሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቪላር ደ ኦንኩርም በንድፍ ደብተሩ የቻርትርንና የሎዛንን ክብ መስኮቶች ሥሎ አልፏል።

ሲሜትሪ፣ የድካም ቆጣቢ

በ12 የተከፈለን መስኮት በ30 ዲግሪ ብታዞረው ቅርጹ ከቀድሞው ጋር ልክ ይገጥማል። ይህን 12 ጊዜ ማድረግ ይቻላል። እንደገና በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ግራውን ወደ ቀኝ ብትገለብጠውም ይገጥማል፤ ለዚህም 12 የመገልበጫ ዘንጎች አሉ። በጠቅላላው ቅርጹን ሳይለውጡ የሚያልፉ 24 እንቅስቃሴዎች አሉ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ የአብስትራክት አልጀብራ ትምህርት የወሰዱ አንባቢያን እነዚህ 24 እንቅስቃሴዎች አንድ ላይ «ግሩፕ» እንደሚመሠርቱ ያስታውሳሉ።

ለግንበኛው የዚህ ትርጉም እጅግ ተግባራዊ ነው። የመስኮቱን አንድ ሃያ አራተኛ ብቻ መንደፍ ይበቃል፤ የቀረው መድገም ነው። ለድንጋዮቹም ጥቂት የእንጨት መለኪያ ቅርጾች ይበቃሉ፤ በእያንዳንዳቸው ልክ ብዙ ተመሳሳይ ድንጋይ ይጠረባል። አንድ ድንጋይ ቢሰበር መተኪያው ከወንድሞቹ ይቀዳል። በውስጡ ያሉት የመስታወት ሥዕሎች ግን የየራሳቸው ታሪክ ስላላቸው አይደጋገሙም። አንድ የድንጋይ አጥንት ቢጠፋ ሲሜትሪ ይመልሰዋል፤ አንድ የጠፋ ሥዕል ግን ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው።

በክብ ሳይሆን በረድፍ የሚደጋገም ንድፍም አለ። በዮርክ ካቴድራል «አምስቱ እኅትማማቾች» በሚባሉት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተሠሩት ረጃጅም መስኮቶች፣ ከ100,000 በላይ የመስታወት ቁራጮች አሉ። ቀለማቸው አብዛኛው ግራጫ ሲሆን ውበታቸው ከጂኦሜትሪያዊው ድግግሞሽ የመጣ ነው። በሁለት አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚደጋገም ንድፍ ሁሉ ከ17 የሲሜትሪ ዓይነቶች ከአንዱ እንደማይወጣ በ1891 ያረጋገጠው ሩሲያዊው የክሪስታል ሊቅ የቭግራፍ ፌዶሮቭ ነው። መስኮት ሠሪውም ሆነ ሸማኔው ከዚህ ሕግ አያመልጡም።

የ15 ዲግሪው እርምጃ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የጽጌረዳ መስኮት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሸክም ተሸካሚ መዋቅርም ነው። የራሱን ድንጋይና መስታወት ክብደት ይይዛል፤ የነፋስን ግፊትም ይቋቋማል። በሰከንድ 30 ሜትር የሚጓዝ ብርቱ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 540 ኒውተን ያህል ግፊት ያሳድራል። የደቡቡ መስኮት ስፋት 130 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠቅላላው ኃይል ከ70,000 ኒውተን ያልፋል። ይህም የ7 ቶን ክብደት ያህል ነው፤ ጭነት የያዘ አንድ አይሱዙ መኪና በቀጫጭን የድንጋይ ጨረሮች ላይ በጎን ተደግፎ እንደ መቆም ማለት ነው።

የደቡቡ መስኮት ይህን ለረጅም ጊዜ አልቻለም። ግንቡ ቀስ በቀስ እየሰመጠ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመዳከም ምልክት አሳየ። ከ1725 እስከ 1727 ታደሰ። በ1830 አብዮት ጊዜ አጠገቡ የነበረው የሊቀ ጳጳሱ ቤት ሲቃጠል እንደገና ተጎዳ። በ1861 መሐንዲሱ ኡዤን ቪዮሌ ለ ዱክ መስኮቱን እንደ አዲስ ሲያቆመው በ15 ዲግሪ አዞረው፤ ዓላማውም መስኮቱ ቀጥ ያለ የቁልቁልና የአግድም ዘንግ ኖሮት ይበልጥ እንዲጸና ነበር።

ለምን 15 ዲግሪ? በ12 የተከፈለ መስኮት በ30 ዲግሪ ቢዞር ራሱን ስለሚመስል ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። በ60 ወይም በ90 ዲግሪ ቢዞርም እንዲሁ ነው። በሁለት ጨረሮች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በጨረር ለመተካት የሚያስፈልገው የ30 ግማሽ ነው፤ 15 ዲግሪ። ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ቢሆን መስኮቱ ከቁልቁሉ ዘንግ ግራና ቀኝ የተዛባ ሆኖ ይታያል። 12 ለ4 ስለሚካፈልም አንድ ጨረር በቁልቁሉ ዘንግ ላይ ሲውል ሌላው ሳይፈለግ በአግድሙ ላይ ይውላል፤ 90 ዲግሪ የ30 ሦስት እጥፍ ነውና። መስኮቱ በ10 የተከፈለ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተገኘ ነበር። በጠርዙ ላይ ሲለካ የ15 ዲግሪ ዙረት 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ሰው ቁመት ማለት ነው።

መስታወቱና እርሳሱ

የድንጋዩ ጂኦሜትሪ የኮምፓስ ሲሆን የመስታወቱ ጂኦሜትሪ ደግሞ የማቴሪያል ነው። መስታወት ሲቆረጥ ወደ ውስጥ የሚገባ ሹል ማዕዘን ቢኖረው ውጥረቱ ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ስለሚከማች ከዚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያው አስቸጋሪውን ቅርጽ ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ ቁራጮቹን በእርሳስ ያያይዛቸዋል። እርሳስ የተባለው ለስላሳ ብረት ሁለት ጎኑ የተቦረቦረ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይዘጋጃል፤ መስታወቱ በቦረቦሩ ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያዎቹም ይበየዳሉ። በመስኮቱ ላይ የምናያቸው ጥቁር መስመሮች እነዚህ ናቸው። እርሳስ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥና ስለሚጎብጥ የብረት አግዳሚዎች ይደግፉታል።

ቀለሙ የሚመጣው መስታወቱ ሲቀልጥ ከሚጨመሩለት የብረት ውሕዶች ነው። ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ ቀይ ወይም አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ ይሰጣሉ። የመዳቡ ቀይ እጅግ ደማቅ ከመሆኑ የተነሣ ሙሉው መስታወት በእርሱ ቢሠራ ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ በነጭ መስታወት ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይደረብ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ በብዙ ክፍሎች የሚነገር አንድ ስሕተት እናርም። የጥንት መስኮቶች ከታች የሚወፍሩት መስታወት ፈሳሽ ስለሆነና በዘመናት ውስጥ ወደ ታች ስለሚፈስስ ነው ይባላል። በ2017 የወጣ ጥናት ከለንደኑ ዌስትሚንስተር አቤይ መስታወት ጋር አንድ ዓይነት ቅንብር ያለውን መስታወት መርምሮ፣ በተለመደ ሙቀት በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ቢበዛ 1 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚፈስስ አሳይቷል። ውፍረቱ የተዛባው መስታወቱ በትንፋሽ እየተነፋ በእጅ ይሠራ ስለነበር ነው።

ከኮምፓስ ወደ ኮምፒዩተር

በጀርመን የኮሎኝ ካቴድራል ደቡባዊ መስኮት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀድሞ መስታወቱን አጥቶ ነበር። ሠዓሊው ጌርሃርድ ሪሽተር በ2007 የተመረቀውን አዲሱን መስኮት ሲነድፍ ሥዕልም ጽጌረዳም አልተጠቀመም። ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የሆነውን ቦታ ጎናቸው 9.6 ሳንቲ ሜትር በሆነ ከ11,000 በላይ ካሬዎች ሞላው። ቀለሞቹ 72 ሲሆኑ፣ የትኛው የት እንደሚውል የወሰነው የኮምፒዩተር የዕጣ አወጣጥ ነው፤ ከዚያም የአንዳንዱ ረድፍ ንድፍ በሌላው ላይ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ተደገመ። ግማሹ ብቻ በዕጣ ቢወሰን እንኳ ሊገኙ የሚችሉት አደራደሮች ብዛት ከ10,000 በላይ አኃዞች ያሉት ቁጥር ነው። ሆኖም ዕጣው የሰጠውን ውጥንቅጥ ለዓይን የሚያረጋጋው ያው ጥንታዊው የመገልበጥ ሲሜትሪ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በላሊበላ ቤተ ማርያምን ከአለት የፈለፈሉት ባለሙያዎች ለመስኮቶቹ መስታወት አልነበራቸውም፤ በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ የተቀረጹት የብርሃን መግቢያዎች ግን የመዞርና የመገልበጥ ሲሜትሪ ምን እንደሆነ በድንጋይ ይናገራሉ። በአዲስ አበባም ባለቀለም መስታወት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አራት ኪሎ አጠገብ ባለው የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች ላይ የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ታሪኮች በመስታወት ተሥለዋል። በአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በሦስት ክፍል የተሠራ የመስታወት ሥራ ከ1961 ጀምሮ ቆሟል።

ብዙ ተማሪ ጂኦሜትሪን ከፈተና ጋር አብሮ የሚሸኘው ትምህርት አድርጎ ይመለከተዋል። የኖትር ዳሙ መስኮት ግን ሌላ ይመሰክራል። ሲሜትሪውን የተረዳ ሰው ስንት ዲግሪ ማዞር እንዳለበት አወቀ፤ መስኮቱም ከዚያ በኋላ 158 ዓመት ቆይቶ የ2019ኙን እሳት ተሻገረ። አንተም አንቺም በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ ባለቀለም መስኮት ፊት ስትቆሙ ከቀለሙ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። በስንት ተከፍሏል? በስንት ዲግሪ ቢዞር ራሱን ይመስላል? ስንት የመገልበጫ ዘንግስ አለው? ከዚያም ቤት ገብታችሁ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ልትሠሩት ሞክሩ። የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ የሠሪውን መንገድ አግኝታችኋል፤ ካልገጠመም ለምን እንዳልገጠመ መመርመር ራሱ መልካም የሒሳብ ሥራ ነው።